ጀልባችንን የሸጡልን ጋሽ ሙሄ

ለመምህራን ሥልጠና ወልድያ ከርሜ በሚኒባስ ተመለስኩና መርሳ ወርጄ ባጃጅ ያዝኩ። ሹፌሩ በመስታወቱ አየት አደረገኝና «ጋሽ ሙሄ ወደ አኼራ ሄዱ፣ ሰማህ?» አለኝ። መርሳ ላይ «ሙሄ!» ብሎ የተጣራ ሰው ግማሹን ከተማ ነው የሚያዞረው። «የትኛው ሙሄ?» አልኩት።

«ደላላው ናቸዋ! ጀልባ የሸጡት። ጠዋት አርፈው ከዙሁር በኋላ ተቀበሩ።»

ዕድሜ ልካቸውን በሬና ግመል፣ ፍሪጅና የወፍጮ ሞተር፣ ቤትና ቦታ ሲያሻሽጡ ኖረው ከተማው የያዘላቸው ያችን አንዲት ጀልባ ብቻ ነው። ጀልባዋ የኛ ነበረች። የወንድሜ የከማል። ሹፌሩ ይህን አያውቅም፣ እኔም አልነገርኩትም። እውነቱን ለመናገር ምንም አልተሰማኝም። ከማል ድምፁ ከጠፋ ወዲህ ብዙ ነገር አይነካኝም፤ ሰው ሞተ ሲሉኝ «እህ» እላለሁ፣ ሰው ዳረ ሲሉኝም «እህ» እላለሁ። «ድንኳኑ ጋ አውርደኝ» አልኩት።

ጋሽ ሙሄ ረጅም ነበሩ። ቁመታቸውን የሚያፍሩበት ይመስል ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ነው የሚራመዱት። ሽርጥ ታጥቀው፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ትከሻቸው ላይ አረንጓዴ ፎጣ ጣል አድርገው ከመናኸሪያው ማዶ ካለው ጎሚስታ ቤት ደጃፍ፣ ያረጀ ጎማ ላይ ይቀመጣሉ። ፎጣዋ የሥራ መሣሪያቸው ናት። ሐራ የግመል ገበያ ላይ ሰው ፊት ዋጋ አይጠራም፤ ገዢና ሻጭ በፎጣ ሥር እጅ ለእጅ ይያያዙና ጣት በመጨበጥ ይነጋገራሉ። ጋሽ ሙሄ ይህን ልማድ ከግመል ገበያ አምጥተው ለፍሪጅም ለሶፋም አደረጉት። የባንክ ሠራተኛ እንኳ ቢሆን እጁን ፎጣው ሥር ሳያገባ አይገዛም። ሰዉ ይስቅባቸዋል። እሳቸው ግን «ዋጋ አደባባይ ከወጣ ጎረቤት ይበላዋል» ብለው ፎጣቸውን ይዘረጋሉ።

አንድ ነገር ብቻ ያበሳጫቸው ነበር፣ ደላላ መባል። ድሮ አይጠሉትም ነበር አሉ። በኋላ ግን ልጆቻችንን በአፋር በኩል ወደ ባሕሩ የሚነዱት ሰዎች ስሙን ወሰዱት። አንድ ጊዜ አንዲት እናት መንገድ ላይ አስቁማ «ልጄን የሚያሻግርልኝ ደላላ እርስዎ ነዎት?» ብትላቸው ፎጣቸውን ጠቅልለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። በነጋታው ጎማቸው ላይ አልነበሩም። ሲመለሱ ለጎሚስታው «እኔ የምሸጠው እስትንፋሱ የበሬ የሆነ ነው፣ ወይም ጭራሽ የሌለው፤ የሰው እስትንፋስ አልሸጥም» አሉት። ጎሚስታው እያሳቀ ይነግረናል፤ እሳቸው ግን ሲናገሩት አልሳቁም ነበር።

ሥራቸው ሕግ ነበረው። «እንከን ከዋጋ ይቀድማል» ይላሉ። ዕቃው ምን እንደጎደለው ገዢው ሳይሰማ ፎጣዋ አትዘረጋም። የባልንጀራዬ አባት ፍሪጁን እንዲሸጡለት ሰጥቷቸው ገዢ ይዘው መጡና ገና በሩን ሳይከፍቱት «ይሄ ፍሪጅ ሌሊት ያጉረመርማል። እንቅልፍህ ቀላል ከሆነ ይቅርብህ። ታችኛው መደርደሪያው ደግሞ በሽቦ የታሰረ ነው» ብለው ጀመሩ። ባለቤቱ ጥርሱን ነከሰ። «ጋሽ ሙሄ፣ ለእኔ ነው ለሱ የሚሠሩት?» አላቸው። «ለፍሪጁ ነው» አሉት። ገዢው ግን ገዛው። እንከኑን ከነገሩት የቀረው ደህና ነው ብሎ ልቡ ያርፋል።

ሻጩንም ዝም አይሉትም፤ «ለምን ትሸጠዋለህ?» ይላሉ። አንዱ የስፌት መኪና ተሸክሞ መጥቶ «ሚስቴ ስለማትሠራበት ነው» ቢላቸው፣ መኪናዋን ጎሚስታ ቤት አስቀምጠው ሚስትዮዋን ሊጠይቁ በእግራቸው ሄዱ። ሴትዮዋ ጎረቤት ሠርግ ነበረች፤ መኪናዋ መውጣቷንም አልሰማችም። ጋሽ ሙሄ ተመልሰው መኪናዋን ራሳቸው ተሸክመው አስገቡ። ለባልየው ያሉት አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ተረሳ።» እውነትም ሰው ፊት አንስተውት አያውቁም።

በዚህ አንደበታቸው ምክንያት ለመርዶም ይጠራሉ። ክርስቲያኑም እስላሙም ቤት ሰው ሩቅ አገር ሞቶ መርዶ ሲታሰብ፣ ሽማግሌዎቹ ማልደው ሲሰባሰቡ «ሙሄን ጥሩት» ይባላል። ከየት እንደሚጀመር ያውቃሉ። በደፈናው «ታሟል» ብለው አያንገላቱም፣ ዱብ አድርገውም አይገድሉም። ተቀምጠው፣ ፎጣቸውን ጭናቸው ላይ አጥፈው፣ የቤቱን ሰው ስም ጠርተው ይናገራሉ። መርሳ ውስጥ ስንቱ ለቅሶውን ከሳቸው አፍ ተቀብሏል።

ጀልባዋ ከማልና ጓደኞቹ ማኅበር አቋቁመው ያሠሯት ናት፤ በላሜራ ተበይዳ፣ ሁለት የጣውላ መቀመጫ ያላት። ሐይቅ ከተማ፣ ውኃው ላይ ሰውና ዓሣ ያመላልሱባት ነበር። ማኅበሩ ሲበተን የጓደኞቹን ድርሻ ገዝቶ፣ አድሳታለሁ ብሎ በአይሱዙ ጭኖ ወደ ግቢያችን አመጣት። ማንጎው ሥር ገለበጣት። ሠፈሩ ሊያያት መጣ። ከማል ግማሹን ቀለም ቀብቶ ሳይጨርስ ሐሳቡን ቀየረ። ብዙ ጓደኞቹ ሳዑዲ ገብተው ነበር፤ እሱም ወጣ። መጨረሻ የደወለልን ባሕሩ ዳር ሆኖ ነው። «ነገ እንሻገራለን፣ እማዬን ዱዓ አድርጊልኝ በላት» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አልሠራም።

እማዬ አላለቀሰችም። «ከማል ዋና ያውቃል» አለች። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ይህንኑ ትላለች። ጀልባ ተገለበጠ የሚል ወሬ ሲመጣም «ከማል ዋና ያውቃል» ትላለች። እኔም ያዝኩት። ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር ሲያቋርጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ዶሮዎች ጀልባዋ ሥር እንቁላል ይጥላሉ፤ እማዬ ተንበርክካ ለቅማ ትወጣለች። እንዲህ ሆነን ከረምን።

ኋላ መንገዱ ሲሰፋ አጥራችን ወደ ውስጥ ገባ። የግቢው እኩሌታ ሄደ፤ ማንጎውም ተቆረጠ። ጀልባዋ የምትቀመጥበት ጠፋ። የመንገዱ መሐንዲስ «አንሱ» ሲለን ጋሽ ሙሄን ጠራናቸው።

ጫማቸውን ደጅ አውልቀው ገቡ። የማንንም ግቢ በጫማ አይረግጡም። ጀልባዋን ዞሩና ብረቷን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ፤ የዛገውን ቦታ በዓይናቸው ያዙ። ከዚያ እማዬ ፊት ቁጢጥ አሉ።

«ለምን ትሸጫታለሽ ዘሀራ?»

«መንገድ መጣብኛ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ምን ሌላ አለ?» እማዬ ነጠላዋን አስተካከለች። «ስማኝ ሙሄ። ባለቤቷ ከማል ነው። ከማል ሲመጣ ገንዘቡን እመልሳለሁ፣ ጀልባዋ ትመለሳለች። ይህን የማይቀበል ሰው እንዳታመጣብኝ።»

«እማዬ፣ እንዲህ ተብሎ ይሸጣል እንዴ?» አልኩ።

ጋሽ ሙሄ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙኝ። «እንከኗ ይኸው ነው እንግዲህ» አሉ። «እንነግራለን።»

ነገሩም። መጀመሪያ የመጣው የወልድያ ሆቴል ባለቤት ነበር፤ ጀልባዋን የአትክልት ቦታው ላይ ተክሎ ሙሽሮች ፎቶ ሊያስነሳባት ፈልጎ። ጋሽ ሙሄ ዝገቷን አሳዩት፣ ሞተር እንደሌላት ነገሩት፣ ከዚያ «ዋናው እንከኗ ባለቤቱ የተመለሰ ዕለት የምትመለስ መሆኗ ነው» አሉት። ሰውየው ወደ እኔ ዞሮ «ባለቤቱ የት ነው?» አለ። እኔ ወደ መሬት አየሁ። ጋሽ ሙሄ «መንገድ ላይ» አሉት። ሄደ። ቀጥሎ አንድ በያጅ መጣ፤ ቆርጦ በር ሊያደርጋት ነው። «ባለቤቱ ሲመጣ በሮቹን ነቅለህ ታመጣለህ?» ሲሉት ሳቀና «ይሄማ ላም አለኝ በሰማይ ነው» ብሎ ወጣ። እማዬ ከቤት ውስጥ ትሰማ ነበር። ቅር ያላት አይመስልም። ገዢ በተመለሰ ቁጥር እንዲያውም ፊቷ ይፈታል።

መሐንዲሱ ግን መመላለሱን አልተወም። ጋሽ ሙሄ ጥቂት ጊዜ ጠፍተው ከረሙና አራጋው የሚባል ዓሣ አስጋሪ ከሐይቅ ይዘው መጡ። ጠይም፣ ዝምተኛ፣ ወፍራም እጅ ያለው ሰው ነው። እንደ ልማዱ ዝገቷን አሳዩት። የእማዬንም ቃል ጮክ ብለው ነገሩት፤ እማዬ በረንዳው ላይ ቆማ ከንፈራቸውን እያየች ነበር። አራጋው ራሱን ነቀነቀ። ፎጣዋ ተዘረጋች፤ በጣታቸው ተነጋገሩ። ከዚያ ጋሽ ሙሄ ጎንበስ ብለው ጆሮው ላይ ረዘም ያለ ነገር አንሾካሾኩ። አራጋው ቀና ብሎ እማዬን አየ፣ እኔን አየ፣ ጀልባዋን አየ። «እሺ» አለ። «ባለቤቱ ሲመጣ እመልሳለሁ።»

በእንዲህ ያለ ውል የሚገዛ ሰው በመገኘቱ እኔ ገርሞኝ ነበር። እማዬ ግን ወደ ጀልባዋ ወርዳ መዳፏን ብረቱ ላይ አኖረችና «ይባርክልህ» አለችው። እሱም «ገንዘቡንም ለእርስዎ ይባርክልዎ» አላት። አይሱዙው መጣ፤ ወጣት ተሰብስቦ ጫነ። እኔ መኪናው ላይ ወጥቼ የመብራት ሽቦዎቹን በዱላ ከፍ እያደረግኩ እስከ አስፋልቱ ሸኘኋት። ስመለስ ጋሽ ሙሄ ሄደዋል።

ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ማዘውተራቸውን ተዉ። ደጃችንን ሲያልፉ ሰላምታቸው ከመንገድ ነው፤ አረፍ ይበሉ ስላቸው «ሰው ይጠብቀኛል» ይላሉ። የሰጠናቸው ኮሚሽን ያነሰባቸው መስሎኝ ነበር። እማዬን ብጠይቃት «ሆድ ይፍጀው» ብላ ወሬውን ቀየረችብኝ። ሥራም እየቀነሱ መጡ። ስኳሩ እግራቸውን ያዘው። ሰዉም ዕቃውን በስልክ መሸጥ ለመደ። ጎማቸው ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን መኪና ያያሉ። አንድ ቀን ሳልፍ ጠሩኝና «ሰይድ፣ አግብተሃል?» አሉኝ። «አላገባሁም ጋሼ» ስላቸው «ምን ትጠብቃለህ?» አሉኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቀልድ ይከተል ነበር። ያን ዕለት ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ።

ድንኳኑ ውስጥ ሼሁ ቁርኣን እየቀሩ ነበር። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ እንደ ሰው ሁሉ አንገቴን ደፋሁ። ዙሪያዬን ሳይ በሬ ያሻሸጡለት አለ፣ ቤት ያገናኙት አለ፣ የፍሪጁ ባለቤት አለ፣ የስፌት መኪናዋ ሴትዮም ከሴቶቹ መሐል ናት። ማዶ ደግሞ አራጋው። ከሐይቅ ድረስ መጥቷል። ዓይኑን እኔ ላይ አድርጎ ቆየና ተነስቶ በእጁ ጠራኝ። ከድንኳኑ ጀርባ፣ የውኃ በርሜሎቹ ጋ ቆምን።

«ነፍሳቸውን ይማር» አለ። «ሰይድ፣ ጀልባዋን ስገዛ ጆሮዬ ላይ ያሉኝ ነገር ነበር።»

«ዋጋ መስሎኝ» አልኩት።

«ዋጋማ በጣት ጨርሰን ነበር።» እጆቹን ኪሱ ከተተ። «‹እኔ በሕይወት እያለሁ ከአፍህ እንዳይወጣ፣ የሞትኩ ዕለት ግን ለልጁ ንገረው› ብለው አስምለውኛል። ዛሬ የመጣሁት ለቅሶውም ለሱም ነው።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው። የሚለውን ሳይለው አወቅሁት፤ ግን እንደ ሌላ ሰው ነገር ቆሜ ሰማሁት። ጋሽ ሙሄ ያኔ ጠፍተው በከረሙበት ጊዜ ሐራ ገበያ ላይ ከሳዑዲ የተመለሰ ልጅ አግኝተዋል። ልጁ ከከማል ጋር አብሮ ነበር። ጀልባቸው አልተገለበጠም። ባሕሩን በሰላም ተሻግረዋል። ከማል የሞተው ማዶ፣ በረሃው ላይ፣ በውኃ ጥም ነው። ይህ ልጅና ሌሎች ሁለት ሆነው አሸዋ አልብሰውታል። ልጁ እናታችን ፊት መቆም አልቻለምና ነገሩን ለጋሽ ሙሄ ጥሎላቸው ሄደ።

«‹ባለቤቱ አይመጣም› አሉኝ» አለ አራጋው። «‹የሞተ ሰው ንብረት ነው። ቅር ካለህ ተወው፣ ሳትሰማ ግን አትገዛትም› አሉኝ። ‹ለእናቱ የምነግራት እኔ ነበርኩ፤ የስንቱን ቤት መርዶ ያረዳሁ ሰውዬ የዘሀራ በር ላይ ስደርስ እግሬ እንቢ ይለኛል› አሉኝ። አደራ ነበር ሰይድ። አትቀየመኝ።»

የሆነ ነገር ማለት ነበረብኝ። የመጣልኝ «ጀልባዋ ደህና ናት?» የሚል ብቻ ነው።

«ደህና ናት» አለ። «ትሠራለች።»

አመስግኜው ወጣሁ። ጋሽ ሙሄን ልቀየማቸው ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። ለገዢ አንዲት ቀዳዳ የማይደብቁ ሰው፣ ለእናቴ ይህን ሁሉ ዓመት አፋቸውን ይዘው መኖራቸው ምን ያህል እንደከበዳቸው ብቻ ነበር የማስበው። እንባ ጠበቅሁ፣ እሱም አልመጣም። መንገዱ ላይ ተማሪዎቼ «ጋሼ» እያሉ ሰላም ይሉኛል፤ እጄን አነሳለሁ። ለእማዬ ከእንግዲህ ማን ይነግራታል ቢባል የምጠራው ሰው ዛሬ ከሰዓት አፈር ለብሷል።

እማዬ የሙሄን ቤት ከሴቶቹ ጋር አስተዛዝና ተመልሳ በረንዳው ላይ እግሯን ዘርግታ ነበር። ጉልበቷን ቅባት ታሸዋለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከየት እንደምጀምር ስላላወቅሁ «አራጋው መጥቶ ነበር፣ ጀልባዋን የገዛው» አልኳት።

እጇ ጉልበቷ ላይ ቆመ። ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ነገረህ?» አለችኝ።

ራሴን ነቀነቅሁ። እሷ ቅባቱን ክዳኑን ገጥማ ወደ ጎን አስቀመጠችው።

«ሙሄ ውሸት አይችልበትም ነበር፣ አላህ ይዘንለት» አለች። «ጀልባዋ የሄደች ዕለት ጠዋት፣ እዚሁ በረንዳ ላይ፣ በእጄ ሻይ ቀድቼ አጠጥቼዋለሁ። አንተ ከመኪናው ጋር ስትወጣ ምሳ አቀረብኩለት። እንጀራውን አየና ‹ጾም ነኝ› አለኝ። ጠዋት ሻዬን ጠጥቶ!» አንገቷን ነቀነቀች። «ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ሰው እኔ ቤት ሳይበላ ሄዶ አያውቅም። የልጇን ሞት ደብቆ የእናቲቱን እህል ሊጎርስ አልሆነለትም። ያን ጊዜ አወቅሁ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልሽኝ እማዬ?»

«አንተ በር በተንኳኳ ቁጥር ብድግ ትላለህ። ስልክ ሲጮህ ከእጄ ነጥቀህ ታነሳለህ። ሚስት አላገባህ፣ ቤት አልሠራህ፣ እሱን ትጠብቃለህ።» ድምፏ እዚህ ላይ ብቻ ተሰበረ። «አንተ እየጠበቅኸው እኔ ልጄን ምን ብዬ ላልቅሰው?»

እጇን ያዝኩ። ቅባቱ ገና አልደረቀም ነበር።

«በል ተነስ» አለችኝ፣ ነጠላዋን ወደ ራሷ እየሳበች። «ከሙሄ ቤት ሰዉ ሳይበተን ሂድና ጥራልኝ። ወደኛም ለቅሶ ይምጡ በል።»

ተነሳሁ። ስደርስ ድንኳኑ ሙሉ ነበር፤ ሼሁ ቅራታቸውን እስኪጨርሱ ደጅ ቆሜ ጠበቅሁ።